የጥሩምባው ድምፅ በ«ቼ በለው» ሸክላ ላይ

መነሻ

ባለፈው የክረምት ዕረፍት ዘመድ ለመጠየቅ በጅግጅጋና በቶጎ ውጫሌ በኩል አድርጌ ወደ ሐርጌሳ ሄጄ ነበር። ከከተማይቱ ቦታዎች ውስጥ የባህል ማዕከሉን ሳላይ እንዳልመለስ ስለመከሩኝ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደዚያው አመራሁ። እዚያ ከሁሉ በላይ ዓይኔን የያዘው የካሴት መደርደሪያው ነው። በማዕከሉ የተሰበሰቡት ካሴቶችና የቴፕ ክሮች ከ10,000 በላይ ናቸው።

የነዚህ ካሴቶች ታሪክ ለሰሚው የሚያስገርም ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የዚያድ ባሬ መንግሥት አውሮፕላኖች ሐርጌሳን ደብድበው አፈራረሷት። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1943 የተቋቋመው የሐርጌሳ ሬዲዮም ከድብደባው ዒላማዎች አንዱ ነበር። ይሁን እንጂ አደጋው መቅረቡን የተገነዘቡ የሬዲዮው ሠራተኞችና ሌሎች የከተማው ሰዎች በክርና በካሴት የተቀዳውን ሙዚቃ ቀደም ብለው ማሸሽ ጀመሩ። ከፊሉን ከመሬት በታች ቀበሩት፤ ከፊሉን ወደ ጅቡቲና ወደ ኢትዮጵያ አሻገሩት። ዛሬ በመደርደሪያው ላይ የሚታየው ከዚህ የተረፈውና ከየሰዉ ቤት የተሰበሰበው ነው። በ2017 ኦስቲናቶ ሬከርድስ የተባለ የኒውዮርክ አሳታሚ ከዚሁ ክምችት መርጦ ያወጣው ሥራ በዓለም ዙሪያ ተደምጧል፤ ለግራሚ ሽልማትም ታጭቶ ነበር።

እዚያው ቆሜ ስመለከት አንድ ሽማግሌ ጎብኚ በአማርኛ ሰላምታ ሰጡኝ። በጦርነቱ ጊዜ ተሰደው በጅግጅጋ አጠገብ በሐርቲሼክ መጠለያ ብዙ ዓመት መኖራቸውን አጫወቱኝ። ቀጥለውም፣ የእናንተን የዚያን ዘመን ሙዚቃ ደግሞ ማን ደብቆ አተረፈው? ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አጣሁ። መልስ ማጣቴ ብቻ ሳይሆን ያፈርኩበትም ምክንያት ስላለኝ አስቀድሜ እርሱን ልናገር።

በወጣትነቴ አስተምርበት በነበረ አንድ ትምህርት ቤት ለማዳመጥ ልምምድ ባዶ ካሴት ቸገረኝ። ከቤቴ ካሴቶች አንዱን ለመሥዋዕት መምረጥ ነበረብኝ። የጥላሁን ገሠሠን አልነካሁም፤ የማሕሙድ አሕመድንም እንደዚሁ። ያነሳሁት ከዋሊያስ ባንድ «ቼ በለው» ሸክላ የተቀዳውን ነበር። «ይህ ዘፋኝ የለበትም፤ ሙዚቃ ብቻ ነው» አልኩ ለራሴ። የካሴቱን የተሰበሩ ጥርሶች ቀዳዳ በወረቀት ደፍኜ የራሴን ድምፅ ቀዳሁበት። ነገር ግን ትምህርቴ ከካሴቱ ጎን አጠረና በመጨረሻው ላይ ያልጠፋ ጥቂት ሙዚቃ ቀረ። ስለዚህ በየክፍሉ «አዳምጣችሁ መልሱ» የሚለው ልምምድ እንዳለቀ ጥሩምባ ብቅ ይል ጀመር። ተማሪዎች ይስቁ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ግን ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አውጥታ፣ የሚነፋው ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ያን ጊዜም መልስ አልነበረኝም።

ይህ ጽሑፍ ለዚያች ተማሪ የዘገየ መልስ ነው። ዓላማውም በ1977 የወጣውን የ«ቼ በለው»ን ሸክላ በተለይ ከጥሩምባው አንጻር መመርመር፣ ከዚያም ቃል የሌለው ሙዚቃ በእኛ ዘንድ ለምን በቀላሉ እንደሚጠፋ ማሳየት ነው።

ጥሩምባ በአገራችን

ወደ ሸክላው ከመግባታችን በፊት መሣሪያው ራሱ በአገራችን ምን ታሪክ እንዳለው ማወቅ ይጠቅማል። ጥሩምባ በእኛ ጆሮ መጀመሪያ ዜማ ሳይሆን ማስታወቂያ ነው። በነገሥታቱ ዘመን መለከት ሲነፋ አዋጅ አለ ወይም ሹም መጣ ማለት ነበር። በየሰፈሩ የዕድር ጥሩምባ ነፊ ሌሊት ሲያልፍ ሰው ሁሉ ከእንቅልፉ ተነሥቶ ማን ሞተ ብሎ ያዳምጣል። በመሆኑም ጥሩምባን ቁጭ ብሎ ለደስታ የማድመጥ ልማድ ከጊዜ በኋላ የመጣ ነው።

እምቢልታን ለምሳሌ እንውሰድ። እምቢልታ የጣት ቀዳዳ የለውም፤ ስለዚህ አንዱ ነፊ ብቻውን የሚያወጣው ድምፅ ጥቂት ነው። አንድ ዜማ እንዲሞላ ቢያንስ ሦስት ነፊዎች ድምፁን ተከፋፍለው እየተቀባበሉ መንፋት አለባቸው። የዘመናዊው ትራምፔት ብልሃት ግን ሌላ ነው። ቢዘረጋ 1.4 ሜትር ገደማ የሚሆን የናስ ቱቦ ሲሆን 3 ቁልፎች አሉት። ቁልፉ ሲጫን ትንፋሹ በተጨማሪ ቱቦ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል፤ ቱቦው ሲረዝም ድምፁ ይወፍራል። በአንድ የቁልፍ አያያዝም ቢሆን ከንፈርን በማጥበቅና በማላላት ልዩ ልዩ ድምፅ ይገኛል። ለሦስት ሰዎች የተከፋፈለውን ሥራ አንድ ሰው በከንፈሩና በሦስት ጣቶቹ ይሠራዋል ማለት ነው። የፊዚክስ መምህራን ስለ ድምፅ ሞገድ ሲያስተምሩ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አያገኙም።

የናስ መሣሪያዎች ወደ አገራችን የገቡት ከዓድዋ ድል በኋላ ከሩሲያው ንጉሥ በተላከ ስጦታ ነው። ከዚያም በ1924 አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን በኢየሩሳሌም ያዩአቸውን ወላጅ አልባ የአርመን ወጣቶች ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው። እነዚህ «አርባ ልጆች» በሚል ስም የሚታወቁት የናስ ሙዚቀኞች ናቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም የዘመኑን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደርሷል። ከነርሱ ቀጥሎ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ ሠራዊትና የምድር ጦር የሙዚቃ ክፍሎች ተስፋፉ። በ1955 በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር፣ ማለትም በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ደግሞ የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ብዙ ሙዚቀኞችን አሠልጥኗል።

እንግዲህ በ1960ዎቹ በየምሽት ክበቡ መጫወት የጀመረው ትውልድ መሣሪያውን የወረሰው ከሰልፍ ሜዳ ነው ማለት ይቻላል። የሰልፍ ጥሩምባ ደግሞ ሥርዓት አለው፤ ሁሉም በአንድነት ይገባል፣ በአንድነት ይወጣል፤ አንዱ ከሌላው አይቀድምም። ይህን ሥርዓት ልብ በሉልኝ፤ በሸክላው ላይ መልሰን እናገኘዋለን።

ጃዝ ፈንክ ምንድን ነው?

በዚያው ዘመን በአሜሪካ ጃዝና ፈንክ የሚባሉት ሁለት የሙዚቃ ዓይነቶች ተቀላቅለው ነበር። ጃዝ ተጫዋቹ በተሰጠው ዜማ ላይ ወዲያው ከራሱ እየፈጠረ የሚጨምርበት ሙዚቃ ነው። ፈንክ ደግሞ የቤዝ ጊታርና የከበሮ አጭር ሐረግ ሳይለወጥ እየተደጋገመ እግርን የሚያንቀሳቅስበት ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ከታች የማይናወጥ ምት፣ ከላይ ነፃ የሆነ የትንፋሽ መሣሪያ ይገኛል።

ለዚህ ዓይነቱ ሙዚቃ በጥሩምባ በኩል ስሙ ቀድሞ የሚነሣው በ1932 በዲትሮይት የተወለደው ዶናልድ ባይርድ ነው። ባይርድ እንደኛው መምህር ነበር፤ በዋሽንግተን በሚገኘው በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። በ1973 ያወጣው «ብላክ ባይርድ» የተሰኘ ሸክላ በብዛት ሲሸጥ አንዳንድ ሐያስያን ጃዝን ለገበያ ሸጠው ብለው ነቀፉት። እርሱ ግን በዚያው መንገድ ገፋበት። እዚህ ላይ ያነሣሁት ለማወዳደር ያህል ነው። ባይርድ በሸክላው ፊት ላይ ስሙ በትልቁ ታትሞለታል፤ የተነቀፈውም የተመሰገነውም በስሙ ነው። የአዲስ አበባው ጥሩምባ ነፊ ግን ለነቀፋ እንኳ የሚበቃ ስም አላገኘም።

የዋሊያስ ባንድ

የዋሊያስ ባንድ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ የተቋቋመ ነው። ከሌሎቹ የሚለይበት ዋና ነገር የራሱን መሣሪያ ገዝቶ ራሱን ችሎ መቆሙ ነው። በዚያ ጊዜ አብዛኛው ሙዚቀኛ ወይ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኦርኬስትራ ባልደረባ ነበር፤ አለዚያም መሣሪያው የምሽት ክበቡ ባለቤት ንብረት ስለነበረ ባለቤቱ ሲያሰናብተው ባዶ እጁን ይወጣል። ዋሊያሶች መሣሪያቸውን ይዘው በሒልተን ሆቴል በውል እየተጫወቱ ረጅም ዘመን ቆይተዋል። ከአብዮቱ በኋላ ሰዓት እላፊ በታወጀበት ጊዜ ከእኩለ ሌሊት በፊት ወደ ቤቱ ያልሄደ ታዳሚ እስኪነጋ ድረስ እዚያው ያድር ስለነበር ባንዱም እስኪነጋ ይጫወት ነበር። ሌሊቱን ሙሉ የሚበቃ ዘፈን ከየት ይመጣል? ዘፋኙ ሲደክም መሣሪያው ይቀጥላል። ቃል የሌለው ሙዚቃ በዚህ ባንድ ዘንድ እንዲህ የጠነከረበት አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለኛል። ሌላውን ምክንያት የዘመኑ ሰው ያውቀዋል፤ የዘፈን ግጥም በሳንሱር ያልፋል፣ ጥሩምባ ግን የሚመረመር ቃል የለውም።

በ«ቼ በለው» ሸክላ ላይ የተጫወቱት የሚከተሉት ናቸው። ኃይሉ መርጊያ በኦርጋን፤ ሞገስ ሀብቴ በሳክስፎንና በዋሽንት፤ ዮሐንስ ተኮላ በትራምፔት፤ ማሕሙድ አማን በጊታር፤ መላከ ገብሬ በቤዝ ጊታር፤ ተማረ ሐረጉ በከበሮ። ግርማ በየነም በፒያኖና በቅንብር አብሯቸው ነበር፤ የኢትዮ ጃዝ አባት የሚባለው ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎን ተሳትፏል። አሳታሚው በገበያው ዓሊ ታንጎ በሚል ስም የታወቀው ዓሊ አብደላ ካይፋ ነው።

ሸክላው ሲደመጥ

ርዕሱ ራሱ ብዙ ይናገራል። «ቼ በለው» ፈረሰኛ ፈረሱን የሚያነቃቃበት ቃል ነው። ዘፋኝ በማይመራው ሸክላ ላይ እንዲህ ያለ የትእዛዝ ቃል በርዕስነት መቀመጡ ተስማሚ ነው፤ ፈረሱ እየሮጠ ፈረሰኛው አይታይም። በሸክላው ላይ ያሉት ሥራዎች ምት ወደፊት የሚገፋ ነው። ቤዙና ኦርጋኑ አጭር ሐረግ ይዘው ይደጋግማሉ፤ ከበሮው ሳያበዛ ያጸናል።

ከሁሉ የበለጠ የታወቀው «ሙዚቃዊ ስልት» ነው። ይህን ሥራ በሚገባ ለመረዳት የገጠሩን ዘፈን ማስታወስ ይበቃል። በገጠር ዘፈን አውራጅ አለ፤ ተቀባይ አለ። አውራጁ ሐረጉን ይጥላል፤ ተቀባዮቹ በአንድ ድምፅ ያነሡታል። በ«ሙዚቃዊ ስልት» ግን ሥራው ተገልብጧል። ኦርጋኑና ቤዙ ሳያቋርጡ ሲደጋግሙ እንደ ተቀባይ ናቸው፤ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ግን ሁለት ሆነው ሳለ በአንድ አፍ እንደሚናገር አውራጅ ይገባሉ። ሳክስፎኑ ወፈር ያለውን የድምፁን ሥጋ ይሰጣል፤ ጥሩምባው ጠርዙን ይሰጣል። ሳክስፎኑ ብቻውን ቢሆን ዜማው ይለሰልስ ነበር፤ ጥሩምባው ብቻውን ቢሆን ወደ ሰልፍ ሜዳው ይመለስ ነበር። ቀደም ሲል ልብ በሉልኝ ያልኩት የሰልፍ ሥርዓት እዚህ አለ፤ በአንድነት ይገባሉ፣ በአንድነት ይወጣሉ። ነገር ግን የሚነፉት የሰልፍ ዜማ አይደለም። ሥርዓቱ የወታደር፣ ዜማው የአገር ቤት፣ ምቱ የፈንክ ነው። ሦስቱ ተገናኝተው አንዱ ሌላውን አለመዋጡ የሥራው ትልቅ ብቃት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቅኝት አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ በአምስት ድምፅ የተመሠረቱ ናቸው። አውሮፓዊው ትራምፔት ግን ለ12 ድምፅ የተሠራ ነው። አምስቱን መርጦ መንፋት ለጣት ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው በድምፅና በድምፅ መካከል ያለው ነው። ማሲንቆ መቺ ጣቱን በጭራው ላይ አንሸራትቶ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ይሻገራል። የትራምፔት ቁልፍ ግን ወይ ተጭኗል ወይ አልተጫነም፤ መካከል የለውም። ስለዚህ ማሸጋገሩ ሁሉ በከንፈር ላይ ይወድቃል። የአገራችን ትራምፔት ተጫዋቾች የሐረጉን መጨረሻ ትንሽ ሰበር የሚያደርጉት፣ ድምፁን ከመዝጋታቸው በፊት የሚያርገበግቡት ለዚህ ነው። ሸክላውን ስትሰሙ የሐረጎቹን መጨረሻ እንጂ መጀመሪያቸውን ብቻ አትከተሉ። መጀመሪያው የባንዱ ነው፤ መጨረሻው ግን የነፊው ነው።

«ሎሚ ተራ ተራ» ደግሞ ሌላ ዓይነት ፈተና ነው። ይህ ሰው ሁሉ ከነቃሉ የሚያውቀው ዜማ ነው። ቃሉ ሲወጣለት አድማጩ በልቡ ቃሉን ራሱ ይሞላዋል። ጥሩ ተጫዋች ይህን ያውቃልና የሚታወቀውን ዜማ ደግሞ ደጋግሞ አያሰለችም፤ አድማጩ ለሚሞላው ቃል ቦታ ይተዋል። የዋሊያሶች ብልህነት በዚህ ይታወቃል፤ የት ዝም እንደሚባል ያውቃሉ። ተማሪዎቼ ድርሰት ሲጽፉ የሚቸግራቸው ይኸው ነው፤ ዝም የሚሉበትን አያውቁም።

ጉድለቶቹ

ሒስ ምስጋና ብቻ ሊሆን አይገባውምና ጉድለቱንም እንናገር። አንደኛ፣ ሥራዎቹ አጫጭር ናቸው። እስኪነጋ ይጫወት የነበረ ባንድ በሸክላ ላይ ሲመጣ ቶሎ ይዘጋል። ትራምፔቱ አንድ ሐሳብ ጀምሮ ሊያሰፋው ሲል ቅንብሩ ይመልሰዋል። ስለዚህ ከጃዝ አንጻር ብቻ ለሚያዳምጥ ሰው ነፃነቱ ያንሳል፤ ዶናልድ ባይርድ በሸክላው ላይ ያገኘውን ያህል ሜዳ ዮሐንስ ተኮላ አላገኘም።

ሁለተኛ፣ ሁሉም ሥራዎች እኩል አይደሉም። አንዳንዶቹ ለሆቴል እንግዳ እራት ማጀቢያ ከመሆን ብዙ አያልፉም። ባንዱ በሒልተን መኖሩ ጠቅሞታል ብያለሁ፤ ግን በሆቴል መኖር እንግዳን ላለማስቀየም መለሳለስንም ያስተምራል። ኦርጋኑ ሲበዛ ጥሩምባው ወደ ኋላ ይሸሻል፤ በነዚህ ቦታዎች ላይ ነፊው መኖሩን የምናውቀው በሐረጉ መዝጊያ ብቻ ነው።

ያም ሆኖ ሸክላው የቆመበት መሠረት አልተናጋም። ያለ ዘፋኝ፣ ያለ ግጥም፣ ሰሙንና ወርቁን ለሚወድ ሕዝብ ቃል የሌለበትን ሥራ ማቅረብ ድፍረት ነው። እኛ ዘፈን ስንሰማ ግጥም ነው የምንሰማው። «ምን አለ?» እንላለን እንጂ «እንዴት ነፋ?» አንልም።

ከዚያ በኋላ

በ1970ዎቹ መጨረሻ ሸክላ ቀርቶ ካሴት ገበያውን ወረሰ። በ1981 ዋሊያሶች ከማሕሙድ አሕመድ ጋር ወደ አሜሪካ ለዝግጅት ተጓዙ። ጉዞው ሲያልቅ ባንዱ ለሁለት ተከፈለ። ኃይሉ መርጊያ፣ ሞገስ ሀብቴ፣ መላከ ገብሬና ግርማ በየነ እዚያው ቀሩ። ዮሐንስ ተኮላና ተማረ ሐረጉ ወደ አገራቸው ተመልሰው የዋሊያስን ስም ይዘው እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ መጫወት ቀጠሉ።

ከዚህ በኋላ የሸክላው ዕድል የተወሰነው በውጭ ነው። በ1998 ዳክታሪስ የተባለ የኒውዮርክ ባንድ «ሙዚቃዊ ስልት»ን እንደገና ተጫውቶ በሸክላ አወጣው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኤትዮፒክ» በተሰኘው ተከታታይ ኅትመት የዚያን ዘመን የኢትዮጵያ ሙዚቃ ለዓለም አሰማ። ከዚያ ደግሞ ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ አሳታሚ በባሕር ዳር ከተማ አንድ ሱቅ ውስጥ የኃይሉ መርጊያን የ1985 ካሴት አገኘ። ኃይሉ በዚያን ጊዜ በዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ነበር። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታተመ፤ «ቼ በለው» ደግሞ በ2014 ታተመ። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመልሶ በ2018 እና በ2020 አዳዲስ ሥራዎች አወጣ። ግርማ በየነም በ2017 ከፈረንሳውያን ሙዚቀኞች ጋር ዳግመኛ ተሰማ።

ይህ ሁሉ ደስ የሚያሰኝ ነው። ሆኖም ሁለት ነገሮችን ማስተዋል ይገባናል። የመጀመሪያው፣ ያ ካሴት በባሕር ዳር ሱቅ ውስጥ ለስንት ሰው ዓይን ተጋልጦ እንደነበር ነው። የባሕር ዳር መምህራን ያልፉበት ነበር፤ ተማሪዎችም ያልፉበት ነበር። ያነሣው ግን ከሩቅ የመጣ እንግዳ ሆነ። እንግዳውን አልነቅፍም፤ ሥራውን አድኖታል። የምነቅፈው የራሴን ዓይን ነው። ሁለተኛው፣ ዳግመኛ ኅትመት የሚያስታውሰው መጀመሪያ ስሙ በፊት የተጻፈውንና በውጭ አገር የሚገኘውን ነው። ወደ አገሩ የተመለሰው ጥሩምባ ነፊ በዝርዝሩ ውስጥ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ስም ሆኖ ይቀራል። ስለ ዮሐንስ ተኮላ አንድ የመማሪያ መጽሐፍ ምዕራፍ፣ አንድ የክፍል ንባብ አላየሁም። በሸክላው ላይ ያለው ትንፋሽ ግን የእርሱ ነው።

ከሐርጌሳ የምንማረው

አሁን ወደ ሽማግሌው ጥያቄ እንመለስ። የሐርጌሳ ሰዎች በቦምብ ስር ሆነው ካሴት የቀበሩት ለምንድን ነው? ምግብና ልብስ እያለ ስለምን ክር ተሸከሙ? መልሱ ከባህላቸው የሚገኝ ይመስለኛል። በሶማሌዎች የግጥም ሥርዓት የሌላውን ግጥም በቃሉ አጥንቶ የሚያቀርብ ሰው ሁለት ግዴታ አለበት። ቃሉን ሳያዛባ መናገር አንዱ ነው፤ የደራሲውን ስም አስቀድሞ መጥራት ሌላው ነው። ስም ሳይጠራ ግጥም ማቅረብ እንደ ስርቆት ይቆጠራል። እንዲህ ያለ ሕዝብ ካሴት ሲያይ ፕላስቲክ አያይም፤ የሚጠራ ስም ያያል። ስለዚህ ይቀብረዋል፤ ሲሞት የቀበረ ሳይሆን እንዳይሞት የቀበረ ነው።

በእኛ ዘንድ ደግሞ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ምሳሌው እውነት ነው፤ ግን ለጥሩምባ ነፊ ሁለቱም የሉትም። ቃል የለውም፤ የጻፈለትም የለም። የእኛን ካሴቶች ያጠፋቸው ቦምብ አይደለም። እንደኔ ያለ ሰው «ሙዚቃ ብቻ ነው» እያለ በላያቸው ላይ ሲቀዳባቸው ነው የጠፉት። ሐርጌሳ ፈርሳ ድምፅዋን አተረፈች፤ እኔ ቤቴ ሳይፈርስ ድምፁን አጠፋሁ። ለሽማግሌው ያልሰጠሁት መልስ ይህ ነበር።

በክፍል ውስጥ

መምህራን ባልደረቦቼ ከዚህ ምን እናድርግ ይሉ ይሆናል። ሥራው ከባድ አይደለም። ተማሪዎች በየቤታቸው፣ በአጎቶቻቸውና በአያቶቻቸው ሣጥን ውስጥ ያሉትን የቆዩ ካሴቶችና ሸክላዎች ይዘርዝሩ፤ በጀርባው የተጻፈውን ስም ሁሉ፣ የዘፋኙን ብቻ ሳይሆን የተጫዋቾቹንም፣ በደብተር ይገልብጡ። ስም ያልተጻፈበት ከሆነ የሚያውቅ አዛውንት ይጠይቁ። የተሰበረው ሁለት ጥርስ ካሴቱን ከመቅዳት የሚጠብቅ መሆኑንም ይንገሯቸው፤ ማንም በወረቀት እንዳይደፍነው። የአማርኛ መምህር «ሙዚቃዊ ስልት»ን አሰምቶ ቃል የሌለውን ነገር በቃል እንዲገልጹ ድርሰት ሊሰጥ ይችላል። ለተማሪዎች ደግሞ እነዚህን ጥያቄዎች ትቼላቸዋለሁ።

1. በ«ሙዚቃዊ ስልት» ውስጥ አውራጁ የትኛው መሣሪያ ነው? ተቀባዩስ? ምክንያታችሁን ስጡ።

2. ትራምፔትና ሳክስፎን በአንድነት የሚነፉበትንና ጥሩምባው ለብቻው የሚሰማበትን ቦታ ለዩ። ዜማው እንዴት ይለወጣል?

3. የምታውቁትን አንድ ዘፈን ያለ ቃሉ አንጎራጉሩ። ከቃሉ ውጭ የቀረው ምንድን ነው?

ያቺ ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆናለች፤ ምናልባትም መምህርት ሆና ይህን መጽሔት ታነብ ይሆናል። የኔ ልጅ፣ ያኔ የጠየቅሽኝን አሁን እመልስልሻለሁ። በትምህርቴ መጨረሻ ላይ ሲነፋ የሰማሽው የዋሊያስ ባንዱ ትራምፔት ተጫዋች ዮሐንስ ተኮላ ነው። ተማሪዎችሽ ሲጠይቁሽ ስሙን ንገሪያቸው።